ማስታመም

አማርኛ ለታመመ የሚደረገውን ነገር በሦስት ግሥ ከፍሎ ያስቀምጠዋል፦ ማከም፣ ማዳንና ማስታመም። ማከም የባለሙያ ነው፤ ትምህርት፣ መሣሪያና ፈቃድ ይጠይቃል። ማዳን ከባለሙያውም ያልፋል፤ ሐኪሙ ራሱ «እኛ የምንችለውን እናደርጋለን፣ የሚያድነው ፈጣሪ ነው» ብሎ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ማስታመም ግን የሁሉም ነው። እናት ታስታምማለች፣ እኅት ታስታምማለች፤ ዘመድ የሌለውን ደግሞ የጎን አልጋው ሰው ያስታምመዋል። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታል ሰው ተኝቶበት የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይቷል። ከአልጋው ሥር ሰሌን ዘርግታ የምታድር፣ ፔርሙዝና ሳህን በፌስታል ይዛ ደረጃ የምትወጣ፣ ጠዋት ሐኪም ሲዞር «አስታማሚዎች ውጡ» ሲባል ነጠላዋን አጣፍታ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም ሴት አለች። ስሟ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። እሷ ከሌለች ግን በሽተኛው ውኃ የሚያቀብለው የለም።

ግሡ የወጣው ከመፈወስ ሳይሆን ከመታመም ነው። ታመመ፤ አስታመመ። ቋንቋውን ያቀኑልን ሰዎች አስታማሚን ከሐኪሙ ጋር ሳይሆን ከታማሚው ጋር በአንድ ሥር አስቀመጧት። አስታማሚ ሕመሙን የምታነሣ አይደለችም፤ ሕመሙ ካለበት የምትቀመጥ ናት። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬያለሁ። ትርጉሙን ያስተማረችኝ ግን ሦስት ኪሎ እንኳ የማትሞላ ድመት ናት።

*

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መልስ በአንድ የእንስሳት መጠለያ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ፤ የድመቶቹን ክፍል አጸዳለሁ፣ የፈሩትን አለማምዳለሁ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንድ ቀን ከገበያ ማዕከል ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳ ሥር ተደብቃ የተገኘች ግራጫ ግልገል አመጡ። የስድስት ወር ገደማ ትሆናለች። እንደ ማንኛዋም አዲስ ገቢ ጥቂት ጠብታ ደም ተወሰደላት። ምርመራው ቀላል ነው፤ ደሙ ከፈሳሽ ጋር ተደባልቆ በአንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ላይ ይፈስሳል፣ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ለቫይረሱ በተለየው ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ከወጣ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ አለ ማለት ነው። ነጥቧ ወጣች። ከሳምንታት በኋላ ተደገመ፣ ደሙ ወደ ላቦራቶሪም ተላከ። መልሱ ያው ሆነ።

ይህ ቫይረስ ደም ከሚሠራበት መቅኒ ይገባል። አንዳንድ ድመት አንቃ ይዛው ረጅም ዕድሜ ትኖራለች። በሰውነቷ ከተሰራጨባት ግን ደም ማነስ ያመጣባታል፣ ነቀርሳ ያመጣባታል፣ ሌላዋ ድመት በሁለት ቀን የምታልፈውን ጉንፋን ወር ያስታቅፋታል። እንዲህ ከተያዙት አብዛኞቹ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። ክትባት አለው፤ ክትባቱ ግን ላልተያዘች እንጂ ለተያዘች አይሆንም። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ለብዙ ዓመታት በብዙ መጠለያዎች ያቺ ሰማያዊ ነጥብ የሞት ፍርድ ነበረች። ዛሬ የድመት ሐኪሞች መመሪያ በምርመራ ውጤት ብቻ የድመት ሕይወት እንዳይጠፋ ይመክራል። በዩታ፣ ካናብ ያለው ቤስት ፍሬንድስ የተባለው ማኅበር ለእነዚህ ድመቶች የተለየ ማደሪያ አለው፤ በቴክሳስ ኦስቲን ፔትስ አላይቭ የተባለው ድርጅት ደግሞ ሕመማቸውን ሳይደብቅ ቤት ይፈልግላቸዋል። የእኛ መጠለያ ግን ትንሽ ነው፤ ክፍል አልነበረውም። «ለጥቂት ጊዜ የሚወስዳት ሰው ይኖራል?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ።

ስሟን እንጎቻ አልኳት። የአገሬ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፤ እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ከቡሃቃው ግርጌ ተጠራርጎ በቀረው ሊጥ፣ ምጣዱ ሳይበርድ፣ ለልጇ የምትጋግራት ትንሽ እንጀራ ናት። ስሙን ያወጣሁላት ለትንሽነቷ ብዬ ነበር።

*

ቤቴ ውስጥ ሌላ ድመት አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጤነኛ፣ የተከተበ። ክትባቱም ዕድሜውም ይረዱታል፤ የእንጎቻ ሐኪም ግን «ቢሆንም ለዪያቸው» አለችኝ። እንዴት እንደሚተላለፍ ስጠይቃት የነገረችኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

ድመቶች ከሚይዟቸው ከባድ ቫይረሶች ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይነሣሉ። አንዱ ኤፍአይቪ ነው፤ ከሰው ኤችአይቪ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሰውን ግን አይይዝም። በዋነኛነት የሚተላለፈው በንክሻ ነው፤ በጎዳና የሚፋለሙ ወንድ ድመቶች ጥርስ ለጥርስ ይሰጣጡታል። ሁለተኛው የእንጎቻ ነው። ይሄኛው በምራቅ ይሄዳል። ድመት ድመትን ስትልስ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ እናት ግልገሏን ስታጠባና ስታጸዳ ይተላለፋል። አንዱ የጠብ በሽታ ነው፣ ሌላው የፍቅር። የሚጣሉት እየተናከሱ ይያያዛሉ፤ የሚዋደዱት እየተላላሱ።

ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ክፋት በሽታ ሲያመጣ ሰው ቢያንስ ምክንያቱ ይገባዋል። ግንባር ለግንባር ተደጋግፎ አንዱ የሌላውን ጆሮ ማጽዳት በሽታ ሲያመጣ ግን ለማን አቤት ይባላል? እንጎቻ በሽታውን ያገኘችው ምናልባት ከእናቷ ምላስ ነው። ዓይኗ ሳይከፈት የተደረገላት የመጀመሪያ ደግነት የሞቷ መነሻ ሆኗል። እናቷ አላጠፋችም። ግልገሏን ባትልሳት ኖሮ ያኔውኑ በብርድና በእድፍ ትሞትባት ነበር።

መኝታ ቤቱን ለእሷ ለቀቅሁ። ሳህኗን፣ የውኃ ዕቃዋን፣ የአሸዋ ሳጥኗን ለየሁ። ስገባ በበሩ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሹራብ እለብሳለሁ፣ ስወጣ አውልቄ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ቫይረሱ ከአካል ውጭ ደካማ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፣ ሳሙና ይበቃዋል። ሽማግሌው ድመቴ በመጀመሪያው ሳምንት ከበሩ ሥር አይጠፋም ነበር። እጁን በስንጥቁ ያሾልካል፤ ከወዲያ ትንሽዋ ግራጫ እጅ ትመጣለች። ጥፍር ሳይወጣ ይነካካሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ ፎጣ ጠቅልዬ ስንጥቁን ወተፍኩት። በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ክፉ የሠራ ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም እጄ ተንቀጠቀጠ።

*

እንጎቻ ከመጣች ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ እናቴ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ልትጠይቀኝ መጣች። የፈራሁት ሌላ ጥያቄ ነበር። «ልጄ፣ ለድመት ነው ይሄ ሁሉ?» ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። በሁለተኛው ቀን ከማዕድ ቤት ስትወጣ በበሩ ሥር ያለችውን ሳህን አይታ ቆመች።

«ሳህኗን ለየሽባት?»

«አዎ እማዬ። ይሄ በሽታ በሳህን ይተላለፋል።»

ምንም አልመለሰችም። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ኩባያውን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች ቆይታ።

የትኛውን ኩባያ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ነበር። የታናሽ እኅቷ፣ የአክስቴ።

አክስቴ ጉለሌ ካለው የአያቴ ቤት ተመልሳ የገባችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የበሽታው ስም አይጠራም ነበር፤ «ያ ነገር» ይባላል። በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ በየስብሰባው ኤችአይቪ በመብላት፣ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ ይነገራል። ሁላችንም ሰምተናል። ሰምተንም ሰማያዊው ኩባያ ተገዛ፤ ከሌሎቹ ዕቃዎች ርቆ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። እሷም አንድ ቀን «ለምን?» አላለችም። አንሥታ ጠጥታ፣ አጥባ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እንጦጦ ጠበል ስትወጣ በፌስታሏ ይዛው ትሄዳለች።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በአንድ የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ተሰብስበን ስንበላ አክስቴ ለእሷ ተለይቶ ከተሰጣት ሳህን ላይ ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችልኝ። ከመታመሟ በፊት ሁልጊዜ የምታጎርሰኝ እሷ ነበረች። ፊቴን አዞርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ጉርሻው አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መልሳ ሳህኗ ላይ አስቀመጠችው፣ አልበላችውምም። በ1994 ዓ.ም. አረፈች። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት።

በዚያ ቤት ይህን ሁሉ ያልተቀበለች አንዲት ሴት ነበረች፤ አያቴ። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ስለ ቫይረስ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ቡና ስታፈላ ግን የአክስቴን ሲኒ ከሌሎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ ትደረድራለች፣ ሁሉንም በአንድ ሳፋ ታጥባለች። አንዴ ከታጠቡ በኋላ የቱ የማን እንደነበር ማንም አይለየውም። ጎረቤቶች ይህን ካዩ በኋላ አንድ በአንድ ቀሩ። አያቴ ስድስቱን ሲኒዎች መደርደሯን አልተወችም። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ለሁለቱ ብቻ እየቀዳች፣ አራቱን ባዶ ሲኒዎች በየቦታቸው አስቀምጣ ትጨርሳለች።

*

እናቴን ያንን ቀን ማጽናናት አልቻልኩም፤ ቢሆንም በኋላ ብቻዬን ሆኜ ያሰብኩትን እዚህ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ሁለቱ ሳህኖች ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ለብቻ የተቀመጡ ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ በእውነት፣ ሌላው በፍርሃት መለየቱ ብቻ አይደለም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ግን ሁሉም ነገር አይደለም። አክስቴ የያዛት በሽታ በእውነት በኩባያ የሚተላለፍ ሆኖ ቢሆንስ? ያኔ ኩባያውን መለየት ትክክል ይሆን ነበር። ፊቴን ማዞሬ ግን ያኔም ትክክል አይሆንም ነበር።

መለየት አንድ ነገር ነው፣ መተው ሌላ። መለየት ለዕቃ ነው፤ ለሳህን፣ ለሹራብ፣ ለበር። መተው ለሰው ነው። በሽታ አንዳንዴ መለየትን ያዛል፤ መተውን ያዘዘ በሽታ ግን የለም። ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፤ ሳህኑን ሲለይ እግረ መንገዱን ዓይኑንም ይለያል፣ እጁንም ይሰበስባል፣ ከዚያ «ለጥንቃቄ ነው» ይላል። አክስቴን የጎዳት ኩባያው አይመስለኝም። ኩባያውን ካስቀመጡላት በኋላ በዚያ መስኮት አጠገብ አብሯት የሚቀመጥ መጥፋቱ ነው። አያቴ ይህን ያወቀችው ከሬዲዮ አይደለም። ልጇ በሕይወት ሳለች ባዶ ቦታ እንዲኖር ስላልፈቀደች ነው።

ስለዚህ የተዘጋ በር ክፋት ወይም ደግነት መሆኑን በሩን አይቶ መናገር አይቻልም። መጠየቅ ያለበት ማን ይገባበታል የሚለው ነው። እኔ በቀን አራት ጊዜ እገባ ነበር። ሹራቡን እለብሳለሁ፣ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ እንጎቻ ከማሞቂያው ሥር ወጥታ በጭኔ ላይ ትጠቀለላለች። ምግብ አልበላ ስትል እርጥቡን ምግብ ሞቅ አድርጌ በጣቴ ጫፍ አቀርብላታለሁ። ትሸተዋለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ያቺ ሻካራ ምላስ ጣቴን ታገኘዋለች። ጉርሻ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ለሌላ አፍ። ይህን ስል ዕዳዬን ከፈልኩ ማለቴ አይደለም፤ ለሟች የሚከፈል ዕዳ የለም። እጄ ግን ያኔ ያልቻለውን ተማረ።

*

ስለ እነዚህ በሽታዎች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኝ ነበር። የሉኪሚያ ቫይረሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ነው፤ ዊሊያም ጃሬት የተባሉት የእንስሳት ሐኪም ብዙ ድመት በሚኖርበት አንድ ቤት ነቀርሳ መደጋገሙን ተከታትለው ደረሱበት። ኤፍአይቪም የተገኘው እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በፔታሉማ፣ ድመቶች ተሰብስበው በሚያድጉበት ቤት አንድ በአንድ ሲከሱና ሲታመሙ ታይተው፣ ኒልስ ፒደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ ቫይረሱን ለዩት። ያው ዓመት በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡበት ዓመት ነው።

ሁለቱም ቫይረሶች ማንነታቸው የታወቀው በላቦራቶሪ ነው፤ ጥርጣሬው የተጀመረው ግን በቤት ነው። አንድ ሰው ሳህን ሲያነሣ «ይህች ዛሬ አልበላችም፣ ያችኛዋም ባለፈው ወር እንዲሁ ነበረች» ብሎ አስተውሎ መሆን አለበት። ማስታመም እውቀት እንደሚወልድ ብዙ ጊዜ አናስበውም። ሐኪም በሽተኛውን በቀን ጥቂት ደቂቃ ያያል፤ አስታማሚ ሌሊቱን ታያለች። ሕመሙ የፈረቃ ሰዓት እንደሌለው የምታውቀው እሷ ናት።

መድኃኒት የሚመጣበት ጊዜስ? ኤፍአይፒ የሚባል ሌላ የድመት በሽታ አለ። መነሻው ብዙ ድመት ያለ ጉዳት የሚሸከመው የድመት ኮሮናቫይረስ ነው፤ በጥቂቶቹ ግን በሰውነታቸው ውስጥ ይለወጥና ሆዳቸውን በቢጫ ፈሳሽ ይሞላዋል፣ ወይም ዓይናቸውንና አንጎላቸውን ይይዛል። ጂን ሆልዝዎርዝ የተባሉት ሐኪም በቦስተን እ.ኤ.አ. በ1963 ከገለጹት ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ የያዘው ድመት ይሞት ነበር፤ በቀናት ወይም በሳምንታት። ያው ፒደርሰን ሸምግለው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ጂኤስ-441524 የተባለውን መድኃኒት ለ31 ታማሚ ድመቶች ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ውጤት 26ቱ የአሥራ ሁለት ሳምንቱን ሕክምና ጨረሱ፣ ከእነሱም አብዛኞቹ ዳኑ። መድኃኒቱ ለድመት እንዲሸጥ ባልተፈቀደባቸው ዓመታት ሰዎች እርስ በርስ እየተጠያየቁ ከቻይና ያስመጡት ነበር። በቆጵሮስ እ.ኤ.አ. በ2023 በሽታው የደሴቲቱን ድመቶች ሲፈጅ መንግሥት ለሰው ኮቪድ ከተከማቸው መድኃኒት ለድመቶቹ እንዲሰጥ ፈቀደ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ይገኛል። በመጠለያችን አንዲት ግልገል 84 ቀን መድኃኒቷን ስትውጥ አይቻለሁ፤ ዛሬ መጋረጃ የምትወጣ ባለጌ ሆናለች።

ይህን ስመለከት እ.ኤ.አ. በ2018 የሞቱትን ድመቶች አስባለሁ፤ ከእነሱም አልፌ በ1994 ዓ.ም. የሞተችውን አክስቴን። መድኃኒት ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ወር ሲቀረው የሚሞት ሁልጊዜ አለ። ለእነዚያ የተደረገው ማስታመም ከንቱ ነበር ወይ? ውጤት በመዳን ብቻ ከተለካ ከንቱ ነበር። ግን ሰው መድኃኒት የሚፈልገው «ይህ ሕይወት ይገባዋል» ብሎ ላመነበት ነው። ያንን እምነት መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ ሳያጠፋ የሚያቆየው ማነው? መዳን የለውም በተባለ ክፍል ውስጥ ገብታ ውኃ የምታቀብለው ናት። ሁሉም በር ዘግቶ ቢወጣ ኖሮ መድኃኒቱ የሚመጣለት አይኖርም ነበር።

*

እናቴ ያልጠየቀችኝን ጥያቄ ሌሎች ጠይቀውኛል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ስንጠጣ አንዲት የማከብራት ሴት «አገር ቤት ሰው እየተፈናቀለ፣ አንቺ ለድመት ደም ታስመረምሪያለሽ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልተቀየምኳትም። ወደ አገር ቤት የምልከውን አልቀነስኩም፤ ይህ ግን የሒሳብ መልስ ነው፣ ጥያቄዋም የሒሳብ ብቻ አልነበረም።

ድመትን ከሰው ማስተካከሌ አይደለም። እንጎቻን ከአክስቴ ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም። ግን ርኅራኄ ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል አይመስለኝም። በአሥራ አንድ ዓመቴ ፊቴን ያዞርኩት ርኅራኄዬን ለሌላ አውጥቼ ጨርሼው አልነበረም። ገንዘብም አልጠየቀኝም። እውቀቱም ነበረኝ፤ በትምህርት ቤት በር ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። የጎደለኝ የእጅ ልምድ ነበር። ወደ ታመመ መቅረብ እንደ እንጀራ መጋገር ነው፤ ማንም ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አይወጣም፣ ሲደጋግሙት ነው የሚለመደው። ያልለመደ እጅ የሚፈለግበት ቀን ሲደርስ ይሰበሰባል።

አንድ ነገር ግን ማመን አለብኝ። ድመት አትወቅስም። «ትናንት የት ነበርሽ?» አትልም፣ ያለፈውን አታነሣም፣ በዘመድ ፊት አታሳፍርም። ስለዚህ ድመትን ማስታመም ከሰው ይቀላል። ይህን የረሳ ሰው በድመቱ ክፍል ተደብቆ ከሰው ሊሸሽ ይችላል። ትምህርቱ እዚያ ቢሆንም ፈተናው ሰው ፊት ነው።

*

በየጠዋቱ ከንፈሯን ቀስ ብዬ ገልጬ ድዷን አይ ነበር። ሐኪሟ ናት ያስተማረችኝ፤ ደም ሲያንስ መጀመሪያ የሚናገረው ድድ ነው። ለአሥራ ሦስት ወር ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። በአሥራ አራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ገልጬ ሳይ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ሆኗል። በደሟ ምርመራ የቀይ ደም ሕዋሷ መጠን ከመቶ ከ30 በላይ መሆን ሲገባው 9 ደርሶ ነበር። ደም ቢሰጣት ጥቂት ቀን ይጨምርላታል፤ መቅኒዋ ግን መሥራት አቁሟል። ቁጭ ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ከማሞቂያው እስከ ጭኔ ያለችውን ሁለት ክንድ መንገድ በመሃል አርፋ ነው የጨረሰችው።

ያደግሁት ነፍስ የሚወስድ የሰጠ ብቻ ነው በሚል ቤት ነው፤ አሁንም ያ ቃል ውስጤ አለ። እዚህ አገር ሐኪሞች የሚያደርጉትን በአማርኛ እንዴት እንደምለው ለብዙ ሰዓት አሰብኩ። መግደል ልለው አልቻልኩም፤ ማዳንም አይደለም። ስለ ሙታን ስናወራ «አረፈ» እንላለን። ማሳረፍ አልኩት። ቃሉ ኃጢአት እንደማይሸፍን አውቃለሁ፤ ትክክል አድርጌ እንደሆነ ዛሬም በጸሎቴ እጠይቃለሁ። በእርግጠኝነት የማውቀው መርፌው ሲገባ እጄ ከሆዷ ሥር እንደነበር፣ እስከ መጨረሻው ታንኮራፋ እንደነበር ነው። ድመት ስትደሰት ብቻ ሳይሆን ስትታመምም ታንኮራፋለች ይላሉ። የትኛው እንደሆነ አልመረመርኩም። አብሬ ቆየሁ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላት ለሞተች ሰው «ተቀጨች» ይላል። እኔም ያንን ልል ነበር፤ ከዚያ ስሟ ያዘኝ። እንጎቻ ከትልቅ እንጀራ የተቆረሰች ቁራሽ አይደለችም። ከቀረው ሊጥ ትጋገር እንጂ ለራሷ ምጣድ ላይ ትፈስሳለች፣ ለራሷ ዓይን ታወጣለች፣ ዙሪያዋ ይገጥማል። ትንሽ ናት፤ ጎደሎ አይደለችም።

እናቴ አገር ቤት ከመመለሷ በፊት በነበረው ሳምንት ወደ ክፍሉ ገብታ ነበር። ሹራቡን ለብሳ፣ ወንበሩን እምቢ ብላ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ። ሰው ስትጠይቅ እንደምትለው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ይማርሽ» አለቻት። በአማርኛ ለታመመ የምንመኘው ምሕረት ነው። ለማን እንደለመነችው ያኔ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ አሁንም አይደለሁም።

እንጎቻ ባረፈች ማግስት ደወለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ሳህኗንስ ምን አደረግሽው?»

«በሳሙና አጠብኩት እማዬ። ከሌሎቹ ጋር፣ በአንድ ሳፋ።»